የበግ ቅርጫ

ሙሉነሽ የኮባ ቅጠል እየቆረጠች አጥሩ ሥር ትከምር ነበር። የታኅሣሡ ውርጭ ሣሩ ላይ እንዳለ ነው። በማለዳ ተነሥታ ውኃ ቀድታለች፤ ዶሮዎቹን ለቅቃለች፤ የተማሪዎቿን ፈተና አርማ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። የገና ዋዜማ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው።

ጎረቤቷ እትዬ እህተማርያም ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

“ሙሉ፣ ቅጠሉን ምን ልታደርጊበት ነው?”

“ሥጋ ላሳርፍበት ነው እትዬ። ጓደኞቼ ይመጣሉ።”

“ከል ለብሰሽ? ዓመቱ ሳይወጣ ደጅሽ ላይ ልታሳርጂ?” አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ፣ የሐዘንተኛን በዓል ጎረቤት ነው የሚያውለው። ነገ እኛ ይዘን እንመጣለን። አገሩስ ምን ይላል?”

“አላውቅም” አለች ሙሉነሽ። እውነቷን ነበር።

ባሏ ክንዴ በሐምሌ ነው የሞተው፤ ሕመሙ ሳምንትም አልቆየበትም። እሷና ክንዴ፣ ከጓደኞቻቸው ከስማቸውና ከዘውድነሽ ጋር፣ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሊያስተምሩ ዳንግላ ሲመደቡ አራቱም አገሩን አያውቁትም ነበር። የመጀመሪያው ገና ሲደርስ ሠፈሩ በሬ ለመቃረጥ ሲቧደን እነሱን የጠራ አልተገኘም። ክንዴ ገበያ ወጥቶ አንድ በግ እየጎተተ መጣና “የእኛም ቅርጫ ይኸው” አለ። አንድ በግ ለአራት ሲካፈል ያየ ሁሉ ሲስቅ ሰነበተ። ይባስ ብሎ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ በየራሳቸው እጣ አስጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቢበታትናቸውም ለገና ዳንግላ መገናኘት አልቀረም። ሙሉነሽና ክንዴ የተጋቡ ጊዜ ስማቸው “እንግዲህ አንድ ቤት ናችሁ፤ አንድ መደብ ይበቃችኋል” ቢል፣ ክንዴ “ያገባኋት ድርሻዋን ልበላባት መሰለህ?” ብሎ መለሰለት።

እኩለ ቀን ላይ ጋሪ ደጁ ላይ ቆመ። ስማቸው በጉን እንደ ሕፃን አቅፎ ከዘውድነሽ ጎን ተቀምጧል።

“የጥሊሊ ገበያ በግ ነው!” አለ ሲወርድ። “መንገዱን ሙሉ ሰው ሰላም የሚለው እሱን እንጂ እኔን አይደለም።”

“ከሁለታችሁ የተሻለው አስተማሪ ማን እንደሆነ ለይተውት ነዋ” አለች ዘውድነሽ። ከዚያ ሙሉነሽን አቅፋ ቆየች። “ሙሉዬ፣ ስንመጣ ስንነጋገር ነበር። በዓሉን እንጅባራ፣ ስማቸው ቤት ብናደርገውስ? ከእንግዲህም እዚያው ቢሆን። አንቺም አትጨነቂ፣ ሰውም አይናገርሽ።”

ሙሉነሽ ወደ ቅጠሉ ክምር ዞር ብላ አየች። እንጅባራ ብትሄድ እንግዳ ትሆናለች። ለከርሞ ይጠሯት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚያዝኑላት ሴት ብቻ ሆና ትቀራለች።

“ቅጠሉ ተቆርጧል” አለች። “እረድ፣ ስማቸው።”

ስማቸው አርዶ ገፈፈ። ጣቱን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ዘውድነሽ ጮኸችበት።

“ጾም ነው አንተ!”

“ቄሱ የት አሉ?”

“እኔ አለሁ።”

ሦስቱም ሳቁ፤ ሙሉነሽም ሳቀች። ስማቸው ከየብልቱ እየቆረጠ በቅጠሉ ላይ ደለደለ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየና ክው አለ። በልማዱ አራት መደብ አድርጎታል።

“እጄ ለምዶበት ነው” አለ። “ይሁን ሙሉ፣ የእሱም ያንቺው ነው። ሁለቱን ውሰጂ።”

“ወይም ለነዳያን ይሰጥለት” አለች ዘውድነሽ።

ሙሉነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች።

“ነዳያን በሙት ዓመቱ ይበሉለታል። እሱን እኔ አልረሳም። ቅርጫ ግን እጣ ለሚያስጥል ሰው ነው። የኔ አንድ ነው።”

ጎንበስ ብላ አራተኛውን መደብ አነሣችና ሥጋውን ከሥጋ፣ አጥንቱን ከአጥንት እያደረገች ለሦስቱ አዳረሰችው። ስማቸው ሊያግዛት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበ።

እንደ ደንቡ ሦስቱ የየራሳቸውን ምልክት አዘጋጁ፤ ስማቸው እንጨት፣ ዘውድነሽ ቁልፍ፣ ሙሉነሽ ጠጠር። ሙሉነሽ ወደ አጥሩ ዞረች።

“እትዬ እህተማርያም! ምልክቱ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቸግሮናል። እጣውን ይጣሉልን።”

ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ እንደገና ብቅ አሉ።

“እናንተ የተማራችሁ ሰዎች!” አሉ እትዬ እህተማርያም። “በበግ ቅርጫ!” ነጠላቸውን እየሳቡ ግን መጡ። ምልክቶቹን ተቀብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ በየመደቡ ላይ አኖሩ።

ሁሉም የደረሰውን አነሣ። ሁልጊዜ የሌላው ይበልጣል እያለ የሚከራከረው ክንዴ ዘንድሮ የለም።