አይነቃነቄ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲቷ እንኳ ውሸት ብትሆን ምላሴ እንደ አክስቴ ግድግዳ ይርገፍ!

በእኛ ሰፈር ሲነኩት ለሚረግፍ ነገር ሁሉ ስሙ «አይነቃነቄ» ነው። የከረመ ብስኩት፣ ነቀዝ የበላው ሳንቃ፣ ሁሉም አይነቃነቄ። አንድ የተማረ ሰውዬ «ትክክለኛው ቃል ፍርክስክስ ነው» ብሎ ሊያርመኝ ቃጣው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ባልዘልም ቃሉ ሲወለድ እዚያው ቆሜ ነበር። እሱስ የት ነበር?

አይነቃነቄ መጀመሪያ የሰፈራችን ብሎኬት አምራች ቅጽል ስም ነበር። ብሎኬቱን በጫማው ረገጥ እያደረገ «አይነቃነቅም!» ይላል። ልብስ ሰፊዋ አክስቴ አምና የስፌት ክፍሏን በእሱ ብሎኬት አሠራች። ክረምቱ ሊገባ ሲል የመቀስ መስቀያ ሚስማር ልትመታ መዶሻ ስትፈልግ፣ ሚስማሩ በአውራ ጣቷ ግፊት ብቻ ጥልቅ አለ። ስትነቅለው በቀዳዳው የጎረቤታችን የሹፌሩ ዓይን ብቅ አለ።

«ደህና አደርሽ?» አለ ዓይኑ።

የአክስቴ ደም ፈላ። ከግንባታው ከተረፉት አንዱን ብሎኬት በሽርጧ ታቅፋ ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት። ከቤት ስትወጣ ብሎኬት ነበር፤ አምራቹ ግቢ ስትደርስ አሸዋ ሆኗል። ደንበኞቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ሲሚንቶው የታለ? አሳየኛ!»

«እትዬ፣ ብሎኬት እኮ እንደ ሕፃን አይታቀፍም።»

«አንተ ዓይን አውጣ! ዝናብ ሲመጣ የስፌት መኪናዬን የት ላስገባው? አፍህ ውስጥ?»

«ግድግዳው አይነቃነቅም አልኩ እኮ!»

«እንግዲያው ና ተደገፈው!»

ደንበኞቹ እያዩት እምቢ ማለት ከበደው። መጣ። ደረቱን ነፍቶ ጀርባውን አስደገፈ። ግድግዳው ኮሽ እንኳ አላለም፤ ሰውዬው ግን የሹፌሩ ምሳ መሀል ተዘርሮ ተገኘ።

ሹፌሩ ማንኪያውን እንደያዘ «ወንድሜ፣ በር እኮ አለን» አለው።

እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነፋስ ነው!»

ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ ግን አልሳቀችም። ከፀጉሩ ላይ አሸዋውን ዘገነችና «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ የሚረግፍ ነገር ሁሉ ስሙ አይነቃነቄ ነው!» አለች። በማግስቱ ዳቦ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ይሄማ አይነቃነቄ ሆኗል፣ ቀይርልኝ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ሰውዬውም ሀፍረቱ አላስቀምጥ ብሎት በሳምንቱ ሲሚንቶ ጭኖ መጣና ግድግዳውን እንደ አዲስ ገነባላት።

እሺ፣ ምላሴን ማሩልኝ፤ ይቺን የመጨረሻዋን ፈጠርኳት። አልመጣም። አክስቴ ሸራ ወጥራ ነው የምትሰፋው፤ ሲዘንብ መኪናውን አልጋዋ ላይ አውጥታ እሷ ወለሉ ላይ ትተኛለች። ሌላው ሁሉ፣ የዓይኑ ሰላምታ ሳይቀር፣ እውነት ነው። ማፈር የሚችል ሰውማ ቢሆን፣ መጀመሪያውኑ ሲሚንቶውን በጨመረበት ነበር።