ኢሪዴ ወደ ሰገነቱ የወጣችበት እሑድ

ዴልሞ ቤቱ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሾርባው ጨው ቢበዛበት ዝም፣ ጣሪያው ቢያፈስበት ዝም። ምናልባት ሥራው ማዳመጥ ስለሆነ ይሆናል፤ አይብ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትልልቁን ድቡልቡል አይብ በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ፣ ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነ በጆሮው ይለያል። ይኸው ሰው ታዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ሥር ካለው ሰገነት ሲወጣ ሌላ ፍጡር ይሆናል ይባላል። ዘፋኞች ከሚላኖ ወደ ከተማው ወደ ፓርማ ባቡር ሲሳፈሩ ዘፈን ሲበላሽ የሚያፏጨውን ፉጨት እያሰቡ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል ይባላል። ሚስቱ ኢሪዴ ይህን ወሬ ስትሰማ ኖራለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። «እሱ ሲወጣ ቤቱ ለእኔ ይቀርልኛል» እያለች እሑዷን በሰላም ታሳልፋለች። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክናታል። ይህ ዝምተኛ፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ምን ያስጮኸዋል?

የዛሬው እሑድ ግን ከመከንከንም በላይ ነው። ዛሬ የምትዘፍነው ኒቬስ ናት። የኒቬስ ቤት ከእነሱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እናቷ ልብስ ስትሰፋ ትውል ስለነበር ልጅቷ ያደገችው ኢሪዴ ጓዳ ነው ማለት ይቻላል። እናቷ ካረፈች በኋላማ ከኢሪዴ ሌላ ዘመድ የላትም። ሙዚቃ ተምራ፣ በየትንንሹ ከተማ ዘፍና፣ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በተወለደችበት ከተማ ዋናዋ ዘፋኝ ሆና ልትቆም ነው። እዚህ የተፏጨበት የአገር ልጅ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚቀጥረው የለም፤ «የገዛ አገሩ ሰዎች ያባረሩት» ይባላል፣ አለቀ።

ምሳ ላይ ኢሪዴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ብታፏጭባት እኔና አንተ ተለያየን።»

«መቼ አፏጫለሁ አልኩ?»

«መቼስ አላፏጭም አልክ?»

ዴልሞ ቶርቴሊውን፣ አይብ የተሞላውን ፓስታ፣ በሹካው ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። «እንዴት አድርጌ ቃል ልግባ? ገና አልዘፈነችም እኮ።»

«እዚህ ጠረጴዛ ሥር ስትድህ ያደገች ልጅ ናት፣ አንተ ሰውዬ!»

«ዛሬ የምትዘፍነው ጠረጴዛ ሥር አይደለም።»

«እንግዲያው አብሬህ እወጣለሁ። ከንፈርህ ሲሾል ካየሁ በክርኔ ነው ጎንህን የምለው።»

ዴልሞ ጥርሱን ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «እሺ፤ ዛሬ አላፏጭም» አለ በመጨረሻ።

ኢሪዴ ቁም ሣጥኗን ከፍታ አንገትጌው ሐምራዊ የሆነውን የክት ቀሚሷን ትታ ጥቁሩን ለበሰች። ሐምራዊ ለብሶ ኦፔራ ቤት መግባት ዘፋኟ ላይ መዓት መጥራት ነው፤ ይህን ለማወቅ ሰገነት መውጣት አያስፈልግም።

ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል። ላይ ሲደርሱ የእንጨት አግዳሚ ላይ ሰው ተፋፍጎ ዳቦ በደረቀ የአሳማ ሥጋ ይበላል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ድሮ ስለሞተ ዘፋኝ ይጨቃጨቃሉ። ጢሙን የቀባው ፀጉር አስተካካይ ሌያርኮ ዴልሞን ሲያይ ቦታ ለቀቀለት።

«ምነው ዴልሞ፣ ዘበኛ ይዘህ መጣህ?»

«ሚስቴ ናት።»

«ገብቶኛል። አመጣጥህ እኮ የእስረኛ ነው።»

ኢሪዴ በመደገፊያው ብረት ላይ ተንጠልጥላ ቁልቁል አየች። ቀዩ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሀብታሞች ከላይ ሲታዩ ሁሉም መላጣ ናቸው። የገረማት ግን ሌላ ነበር። እነዚያ ሀብታሞች ገብተው ሲቀመጡ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ሰገነቱን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ እንደሚያይ ገበሬ።

«ቆይ፣ ሰው ላይ ስታፏጩ አታፍሩም?» አለችው ሌያርኮን።

«እመቤቴ፣ ጋጋሪው ያልበሰለ ዳቦ ቢሸጥልዎ ዝም ይላሉ?»

«ሰው ዳቦ ነው እንዴ?»

«እሱማ አይደለም። ዳቦው በራሱ ፈቃድ አይደለም ጥሬ የሚሆነው።»

መብራቱ ጠፋ። ሰገነቱ ላይ ማኘክ እንኳ ቆመ።

ኦፔራው የጀልባ ቀዛፊው ልጅ ታሪክ ነው፤ አባቷ ከምትወደው ሰው ለይቶ ወንዝ መካከል ያለ ደሴት ላይ የዘጋባት ልጅ። ኒቬስ ስትወጣ ኢሪዴ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ የኢሪዴም ፀጉር ቆመ። በግድግዳ ሲሰማ የኖረ ድምፅ ግድግዳው ሲነሳለት እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ሌያርኮ «እምም» አለ። ዴልሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፤ ያፏጨም፣ የጮኸም የለም። ኢሪዴ ቀስ ብላ ተነፈሰች።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ያቺ ቦታ አለች። ልጅቷ ወንዙ ዳር ቆማ አባቷን ትጣራለች። ዜማው መጨረሻው ላይ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሽቅብ፣ ትንፋሽ እስኪጠፋ ይወጣል፤ ሌላው በታች ዞሮ በሰላም ይደርሳል። ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው። በዚህ ከተማ ግን በታች የሚሄድ የለም። ኢሪዴ ሙዚቃ አልተማረችም፤ ያቺን ሽቅብ ግን እንደ ቤቷ ደረጃ ታውቃታለች። ኒቬስ ወር ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ስትለማመዳት ሰምታለች። ባቃታት ቀን የፒያኖው ክዳን ጓ ይላል። በሆነላት ቀን ኢሪዴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ትስቃለች።

ኒቬስ እዚያ ደረሰች። ትንፋሽ ወሰደች። ኢሪዴም አብራ ወሰደች።

ኒቬስ በታች ሄደች።

ጥርት ያለ፣ ያማረ ነበር። ታች ያሉት አጨበጨቡ። ሰገነቱ ግን ጭጭ አለ፤ ከዚያ ራስ ሁሉ ወደ ዴልሞ ዞረ። የሚጠብቁት የእሱን ፉጨት ነው። ዴልሞ አፉን በመዳፉ ከድኖታል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ቃል ገብቷልና አላፏጨም።

ኢሪዴ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ለዚሁ አልነበር የመጣችው? ነገር ግን ተናደደች፤ የገዛ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ የዋሸቻት ያህል ተናደደች። ሳታስበው ተነስታ ቆማለች።

«ኒቬስ! ምን ነካሽ? ቤት እንደምታወጪው አውጪው እንጂ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ከግቢ ልጅ ሲጠራበት የኖረው ድምፅ በየሰገነቱ እየተንከባለለ ወርዶ መድረኩ ላይ አረፈ። ጭብጨባው ተቋረጠ። የኦርኬስትራው መሪ ዞሮ ወደ ላይ አየ። ኢሪዴ አግዳሚው ላይ ዘጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ገደልኳት» አለች። «በገዛ እጄ ገደልኳት።»

ዴልሞ ሚስቱን ገና ዛሬ እንዳያት ሁሉ አፍጥጦ ያያታል። ያን ጊዜ ሌያርኮ «ይደገም!» ብሎ ጮኸ። ከኋላው ሌላ ሰው ተቀበለው፤ ከዚያ ሰገነቱ በሙሉ «ይደገም! ይደገም!» አለ። መሪው ኒቬስን አያት። እምቢ ብላ መቀጠል ትችል ነበር፤ ማንም አያስገድዳትም። ኒቬስ ወደ ጨለማው ሰገነት ቀና ብላ አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ዙር ሽቅብ ሄደች። መንገድ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ትንሽ ድምፅ። ኢሪዴ የባሏን ክንድ ጨበጠች፤ አሁን ነው የሚያፏጩባት። ኒቬስ ግን አልወረደችም። ከተሰነጠቀበት ገፍታ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ደረሰች፣ መጀመሪያ ቀጥኖ እየተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሞልቶ፣ ይዛው ቆመች።

ሰገነቱ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ዴልሞ ቆሞ እያጨበጨበ ያለቅሳል፤ እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰው ሰው።

«ተሰንጥቋል እኮ!» ብላ ጆሮው ሥር ጮኸችበት።

«ሰምቻለሁ!»

«ታዲያ ምን ያስጨበጭብሃል?»

«ወጣቻ!» አላት። «ወጣቻ፣ ኢሪዴ!»

ኢሪዴም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ሲያልቅ የሰገነቱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው የዘፋኞቹ መውጫ በር ላይ ተሰበሰቡ። ፀሐይ ገና ጣሪያዎቹ ላይ ነበረች። ኢሪዴ ወደ ቤቷ መሸሽ ፈለገች፣ ዴልሞ ግን ክንዷን አልለቀቀም። ኒቬስ ፊቷ ላይ ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ተጠርጎ ስትወጣ፣ ዴልሞ ሚስቱን ወደ ኋላው ገፋ አድርጎ ፊት ለፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ ነህ?»

«የጮኽኩት።»

«አጎቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንደ ሴት የምትጮኸው?»

ሰዉ ሳቀ። ኒቬስ አልሳቀችም። ዴልሞን አልፋ ኢሪዴ ፊት ቆመች።

«ከተማው ሁሉ ፊት አዋረድሽኝ።»

«አዎ» አለች ኢሪዴ፤ እንባዋ መጣ። «ይቅር በዪኝ ልጄ። የመጣሁት ልጠብቅሽ ነበር።»

«መሪው ነው በታች ሂጂ ያለኝ። ለመጀመሪያ ቀን አትድፈሪ አለኝ፤ እኔም ፈርቼ ስለነበር ደስ አለኝ። ከዚያ ታች ያሉት ሲያጨበጭቡልኝ፣ ከእንግዲህ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ እንደምሄድ አወቅኩት።» ምራቋን ዋጠች። «አክስቴ፣ ሐሙስ ደግሜ እዘፍናለሁ።»

«በሰላም ያድርስሽ እንጂ እኔማ ሁለተኛ እዚያ አልወጣም።»

«ትወጪያለሽ! ፈርቼ ብወርድና ዝም ብትዪኝ፣ ሁለተኛ ቤትሽን አልረግጥም።»

ኢሪዴ እንባዋን ጠረገች። «ዝም አልልሽም» አለች፣ ኒቬስም ያን ጊዜ አቀፈቻት።