እንስላል የመሰለው

እርሻውን ከውቅያኖሱ የሚለየው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው። መኪና አይገባበትም፤ ላይኛው በር ጋ አቁሞ ሻንጣ እየጎተቱ መውረድ ነው። መብራቱ የፀሐይ ነው፤ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ሲጨርሱ አንድ ጣሳ ሰጋቱራ ይደፉበታል። ካውሰር ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አንብባ ወደደችው። የሰባት ዓመት ልጇ ኢክራም የስፕሪንግ ብሬክ የትምህርት ዕረፍቷን ኦክላንድ አፓርትመንት ውስጥ ተዘግቶባት ከምታሳልፍ ዶሮ ትይ፣ አፈር ትንካ ብላ ባሏን ሙሀሲንን ያሳመነችው እሷ ነበረች።

አማቷ እማማ መይሙና ከኮምቦልቻ ከመጡ ገና ወራቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው ቁልቁል ጎጆዎቹን አዩና፣

“ገጠር ነው እንዴ ያመጣችሁኝ?” አሉ። “እኔ እኮ ከዚህ ሸሽቼ ነው ከተማ የገባሁት።”

“ኢኮ ነው እማዬ፣” አለ ሙሀሲን፣ በሁለት ሻንጣ መሀል እየሳቀ። “ፈረንጅ እንዲህ ሲኖር ኢኮ ይባላል።”

“እኛ ስንኖርስ?”

“እኛ ስንኖርማ ያው ገጠር ነው።”

እነሱ ሲሳሳቁ የእርሻው እመቤት፣ ፀጉሯ የነጣ ረጅም ሴትዮ፣ ካውሰርን ወደ ጎን ጠርታ አንድ ወረቀት አሳየቻት። ሁለት ሥዕል አለበት። አንደኛው እንስላል ነው፤ ቅጠሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ሁለተኛው ሄምሎክ የሚባል፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት። ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። “ለሁሉም ንገሪልኝ” አለች ሴትዮዋ። ካውሰር እሺ አለች።

ዞር ስትል እማማ መይሙና ለኢክራም የልጅነታቸውን የፍየል ወሬ ጀምረዋል። ካውሰር የአማቷን ወሬ አቋርጣ አታውቅም። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። ከዚያ ሻንጣው መጣ፣ ከዚያ እራቱ፣ ከዚያ እንቅልፉ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሀሲን ከሌሎቹ እንግዶች ጋር የባሕሩን ዳርቻ ከፕላስቲክ ሊያጸዳ ሄደ። ካውሰር የቁርሱን ዕቃ ይዛ ወደ እንግዶቹ የጋራ ማጠቢያ ወረደች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትመለስ አማቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ኩባያ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ፊታቸው በርቷል።

“ነይ ልጄ፣ ነይ! ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? እንስላል! ሜዳውን ሞልቶት ዘወር ብሎ የሚያየው የለም።” ድምፃቸው በጉንፋን ታፍኗል። “ለዚህ ለደረቴ ብዬ አፈላሁት። አፍንጫዬ ተደፍኖ ሽታው ባይደርሰኝም ሙቀቱ ይበቃኛል።”

ካውሰር የያዘችው ሰሃን ከበዳት። “ማን ቀጠፈልዎ?”

“ኢክራም ናታ! እኔማ በምን ጉልበቴ። አንድ ዘለላ አሳየኋትና ይህን የመሰለ አምጪልኝ አልኳት። እቅፍ ሙሉ አመጣች።”

ከእቅፉ የተረፈው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካውሰር ሰሃኑን አስቀምጣ በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። እንስላል፣ እንስላል፣ እንስላል። ከሥሩ ግን ከሌሎቹ የወፈረ ልሙጥ ግንድ ወጣ፤ ቀለም እንደተረጨበት ሁሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት። ቅጠል ያለው ጫፉ በቢላ ተቆርጧል። አሸተተችው። ተዘግቶ የከረመ ቁም ሣጥን፣ አይጥ አይጥ የሚል ሽታ። ማንቆርቆሪያውን ከፈተች፤ ከቀጫጭኑ ቅጠል መሀል ሰፋፊው ተቀቅሎ ተንሳፏል።

ወዲያው መጮህ ነበረባት። እሷ ግን ቆመች። አማትን፣ ያውም ደስ ብሏቸው የተቀመጡትን፣ መርዝ አፈሉ ይባላል? ምናልባት ሌላ ቅጠል ይሆናል አለች። ሽታው እጇ ላይ ቀርቶ አላስቆም አላት።

“ኢክራምም ጠጣች?”

“ሙልጭ አድርጋ! ማሻ አላህ በይ።”

ልጅቱ ከጎጆው ጥግ ባዶ ኩባያ ይዛ ብቅ አለች። “ጠጥተሽዋል?” አለቻት ካውሰር። ኢክራም አያቷን አየች፣ እናቷን አየች። “የስ” አለች በቀስታ።

ካውሰር ልጇን በአንድ ክንዷ አነሳች፤ በሌላው እጇ ግንዱን ያዘች። “እማማ ይነሱ!”

“ምን ሆንሽ?”

“ይነሱ አልኩ እኮ!” በአማቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የእርሻው ቢሮ ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱ ግን አላልቅ አላት። የልጇን ልብ በደረቷ በኩል ትሰማዋለች፤ ቆም ያለ በመሰላት ቁጥር ትጨምቃታለች። እማማ መይሙና እያነከሱ ይከተላሉ። የእርሻው እመቤት ግንዱን ስታይ ምንም አልጠየቀችም፤ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው፣ ናይን ዋን ዋን፣ ደውላ ስልኩን ሰጠቻት። ካውሰር ልጇን አውርዳ ተቀበለች።

በስልኩ ያለው ሰው ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ስንት ሰው ጠጣ? ምን ያህል? መቼ? ማዞር፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ አለ?

“እማማ፣ ያዞርዎታል?”

“ኧረ ደህና ነኝ። ምንድን ነው ልጄ? ምን አጥፍቼ ነው?”

ካውሰር ስልኩን ከጆሮዋ ፈቀቅ አደረገች።

“ቅጠሉ ውስጥ መርዝ ነበረበት። እርስዎ አላጠፉም፣ ኢክራምም አላጠፋችም። ሴትዮዋ ትናንት በሥዕል አሳይታ ንገሪያቸው ብላኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው።”

አማቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የልጅቱ እጅ የካውሰርን ቀሚስ ጎተተ።

“ማሚ፣” አለች ኢክራም፤ የቀረውን በእንግሊዝኛዋ አያይዛ ተነፈሰችው። አልጠጣችውም። አንዴ ቀምሳ ወዲያው ተፋችው፤ የቀረውን ጎጆው ጀርባ ደፋችው። አያቷ እንዳያዝኑ ነው ጠጣሁ ያለችው።

“ምን ትላለች?” አሉ እማማ መይሙና።

“ደፋሁት ነው የምትለው። አልጠጣሁትም ነው የምትለው።”

“ደፋሽው?” አሮጊቷ ልጅቱን በሁለት እጃቸው ጎትተው ግንባሯን ሳሙ። “እሰይ! እሰይ የኔ ተንኮለኛ! አበጀሽ! አልሐምዱሊላህ!”

ካውሰር በቀሚሷ ጫፍ የልጇን አፍ ደጋግማ ጠረገች፣ በውሃም አጉመጠመጠቻት። አንድ ትንፋሽ ያህል ቀለላት። ከዚያ በልጅቱ ጉንጭ ላይ ያረፉትን የአማቷን ጣቶች አየች። ይንቀጠቀጣሉ።

“እርስዎስ? ምን ያህል ጠጡ?”

“እኔማ ሁለት ኩባያ።” ወንበሩን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። ግራ እግራቸው እሺ አላለም። እግራቸውን አዩት፣ የሌላ ሰው ይመስል።

አምቡላንሱ ጠመዝማዛውን የባሕር መንገድ ይዞ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የእርሻው እመቤት ኢክራምን ይዛ መንገድ ልታሳይ ወደ በሩ ወጣች። ካውሰር ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአማቷን እግር ታሻለች፤ ከባሕሩ በኩል ጉም እየተግተለተለ ኮረብታውን ይወርዳል። እማማ መይሙና ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሞት የቀረበ ሰው የሚለውን ሸሃዳ ማለት ጀመሩ።

“እማማ፣ አሁን እሱን አይበሉብኝ።”

“ለክፉ አይደለም ልጄ። ልምድ ነው።” ምላሳቸው ከበድ ብሏል።

አምቡላንሱ ውስጥ ካውሰርን ከራስጌ አስቀመጧት፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሌላ የለማ። ኢክራም ታይታ ደህና ስለተባለች አባቷ እስኪመጣ ከእርሻው እመቤት ጋር ቀረች። ወጣቱ ባለሙያ ኦክስጅን እያጠለቀ፣ ለዚህ መርዝ ማርከሻ እንደሌለ፣ እስኪወጣ ድረስ አካሉን ደግፎ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ፣ ትንፋሽ ካቃታቸው ቱቦ እንደሚያስገቡላቸው ነገራት። ማስደንገጡን አስባ ልታሳጥረው ፈለገች። አላሳጠረችውም። ሁሉንም፣ ቱቦውንም፣ በቀስታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እማማ መይሙና እጇን ያዙ። ኃይል ያጣ አያያዝ ነበር። ካውሰር ዓይኗን ከደረታቸው ላይ አልነቀለችም። ይነሳል። ይወርዳል። ይዘገያል። ይነሳል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቱቦው ሳያስፈልግ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሐኪሟ መጥታ አየቻቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው አጠፉላት። ሌሊቱን እዚሁ ያድራሉ፣ ክፉው ሰዓት ግን ያለፈ ይመስላል አለች። ካውሰር ይህንንም ተረጎመች፤ “ይመስላል” የምትለዋንም አላስቀረችም።

ሙሀሲን ኢክራምን አቅፎ ሲገባ ጫማው ገና የባሕር አሸዋ እንደያዘ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቱ ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ለመሳቅ ሞከረ።

“እማዬ፣ ሣር ጋጥሽ አሉኝ እኮ።”

“ምን ላድርግ፣ እንስላል መስሎኝ።” ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ካውሰርን በጎን አዩዋት፤ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። “የኔው ችኮላ ነው። ጎኑ መርዝ መብቀሉን ከመሀላችን ማን ያውቅ ነበር ብለህ?”

ሙሀሲን ራሱን ነቀነቀ። “እውነት ነው፣ ማን ያውቅ ነበር።”

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሷም ሆድ ዝም በይ አላት።

“እኔ አውቅ ነበር” አለች ካውሰር።

ሙሀሲን ፈገግታው ገና ሳይጠፋ ዞሮ አያት፤ እሷም ሴትዮዋ ያሳየቻትን ሥዕልና አለመናገሯን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።