ፊቱ የኔ፣ ሽንፈቱ ያንተ

ሮስኮ ከተቀበረ ዐሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል፤ እህቱ ኤልዳ ግን ገና አንድ ወንበር አላሞቀችም። ጠዋት ተነሥታ የታጠበ ኩባያ ታጥባለች። ታፈነ ብላ መስኮት ትከፍታለች፤ አፍታ ሳይቆይ በረደ ብላ ትዘጋለች። ወደ መንገዱ ወርዳ የፖስታ ሣጥኑን ታያለች፣ ባዶ ነው፣ ትመለሳለች፤ ደጃፍ ሳትደርስ ደግሞ በደንብ አላየሁት ይሆን ብላ እንደገና ትወርዳለች።

ፖስተኛው ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ ኤልዳ፣ ሣጥኑን እንዲህ ካፈጠጡበት አንድ ቀን አፍሮ ይሸሻል» ቢላት፣ «አንተ ብቻ ቶሎ ቶሎ ና» ብላ ገላመጠችው።

የምትጠብቀው አንድ ፖስታ ነበር።

ሮስኮ ዕድሜውን ሁሉ የቤዝቦል ካርድ ሰብስቧል፤ ያውም የ1958ቱን ብቻ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከማስቲካ ጋር እየገዛ የጀመረው ነው። ካርዶቹ አራት መቶ አርባ ናቸው። ከፊት የተጫዋቹ ፎቶ አለ፤ ከጀርባ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ፣ ስንት እንዳሸነፈ፣ ስንት እንደተሸነፈ። ካርዶቹ ሲሞሉለት ደግሞ እያንዳንዱን ማስፈረም ጀመረ። ለተጫዋቹ ካርዱን ከደብዳቤ ጋር ይልክለታል፤ አብሮም ቴምብር ለጥፎ፣ የራሱን አድራሻ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ባዶ ፖስታ ይጨምርለታል። ሰውየው ፈርሞ በዚያው ፖስታ ይመልሳል። ስለዚህ ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ወደነሱ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በሮስኮ እጅ የተጻፈ ነበር። ላየው ሰው፣ ራሱ ለራሱ የሚጽፍ ብቸኛ ይመስል ነበር። ኤልዳም ባሏ ሞቶ ከወንድሟ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ በዚህ ስታሾፍበት ኖራለች።

«ዛሬስ ለራስህ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«እህቴ እንደ ድሮዋ ነገረኛ ናት ብዬ።»

ማታ ራት ላይ የሰዎቹን ታሪክ ያወራላታል። ይሄ ሠላሳ አንድ ጊዜ ኳሷን ከአጥር ውጭ ልኮ፣ በዓመቱ ዓይኑ ደክሞ ጎማ ሻጭ ሆነ። ያኛው ኮሪያ ዘምቶ ጣቱን ጥሎ መጣ፤ በቀሩት ጣቶቹ ግን ስድስት ዓመት ወረወረ። ኤልዳ ሰሃን እያነሣች በግማሽ ጆሮ ነበር የምትሰማው። ካርቶን ነው ትል ነበር።

አራት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ተፈርመዋል። የቀረው ቁጥር 213፣ ቨርን ሃልስቴድ የሚባል ኳስ ወርዋሪ ነው። በትልቁ ሊግ ሰባት ጨዋታ ወረወረ፤ አንዱን አሸነፈ፣ ሦስቱን ተሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ ስሙ አልተሰማም። ሮስኮ ሁለት ጊዜ ላከለት። ሁለቱንም ጊዜ ካርዱ ያለ ፊርማ፣ ያለ አንድ ቃል ተመለሰ። ሦስተኛውን የላከው ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አልጋው ላይ ሆኖ የኤልዳን እጅጌ ያዘና፣ «ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስትን አደራ» አላት።

«ያንተ ነገር! ሰው ልጁን አደራ ይላል፣ አንተ ካርቶን?»

«ልጅ የለኝማ።»

«እሺ። አደራ በላ አልሆንም» አለች። በማግስቱ ዐረፈ።

እንግዲህ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ፖስታው መጣ። ፊደሉ ያ የተጋደመው የሮስኮ ፊደል ነው፤ አፈር የለበሰ ሰው ለራሱ የጻፈው። መንገድ ዳር ቆማ ቀደደችው። ካርዱ እንደሄደ ተመልሷል። ፊርማ የለም።

«ይሄ ኩሩ!» አለች ጮክ ብላ። ቤት ገብታ ካርዶቹ በየኪሱ የተሰኩበትን አልበምና የሮስኮን ማስታወሻ ደብተር አነሣች። አልበሙን እንደ ሰው ጎኗ አስቀምጣ በመቀመጫው ቀበቶ አሰረችውና የሃልስቴድ ቤት ወዳለበት ወደ ኢንዲያና ነዳች። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ? የሚል ሐሳብ የመጣባት ሁለት ሰዓት ከነዳች በኋላ ነው። አልተመለሰችም። የሚያስፈራት ሌላ ነበር፤ ሰውየው ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ያለ ነገ ላይኖር ይችላል። የሬዲዮውን ጣቢያ እየቀያየረች፣ ከፊቷ ለሚያዘግመው ትራክተር ሁሉ ጡሩምባ እየነፋች ደረሰች።

በሩን የከፈተችው የሽማግሌው ልጅ ዶሪን ናት፤ ስልሳን የጠጋች፣ ሽርጥ የታጠቀች። ካርዱን ገና ስታየው ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ ይሄን አይፈርምም። ኳስ ይፈርማል፣ ባርኔጣ ይፈርማል፣ ካሻዎት የመኪናዎን ጎማ ይፈርማል። ይሄን ግን አይፈርምም።»

«ለምን?»

«እሱን ይጠይቁት። ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ሲመልስ ነው የሚከፋው።»

ቨርን ሃልስቴድ ከቤቱ ጀርባ በረንዳ ላይ ባልዲ በእግሮቹ መሃል አድርጎ በቆሎ ይሸለቅቃል። ከኳሱ በኋላ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ትከሻው አሁንም ሰፊ ነው።

«አቶ ሃልስቴድ፣ የሮስኮ እህት ነኝ። ሞቷል» አለች ኤልዳ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

እጁ በቆሎው ላይ ቆመ። «መቼ?»

«ከተቀበረ ዐሥራ ሰባት ቀኑ። ደብዳቤውን ሲልክልዎት በሕይወት ነበር። እርስዎ ሲመልሱት አፈር ገብቷል።»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። ወንድምሽ ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ሦስቱንም ደብዳቤ አስቀምጫቸዋለሁ። ግን ሦስቱንም ጊዜ መልኬን አመሰገነ። ‹ዓይንዎ ፍርሃት አያውቅም› ይላል። ዶሪን! ዓይኔ ፍርሃት ያውቃል?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ ስንሄድ ብቻ» አለች ልጁ ከመስኮቱ።

«ካርዱን ተመልከቺው። ጓንቱ በየትኛው እጅ ነው?»

«በቀኝ።»

«እንግዲህ የሚወረውረው በየትኛው ነው?»

«በግራ።»

«ጀርባውን አንብቢልኝ።»

ገለበጠችው። «በቀኝ እጁ ይወረውራል» ይላል። ኤልዳ ደስ አላት፤ ወንድሟ ይህን ያውቃል! ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ገጹን በጣቷ መታችው። «ጽፎታል እኮ! ‹213፤ ፊልሙ ተገልብጦ የታተመ› ይላል። በዚያ ዘመን አታሚዎቹ እንዲህ ግራውን ቀኝ እያደረጉ ይሳሳቱ ነበር፤ ሮስኮ ሁሉንም ለቅሟቸዋል።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። «ዐዋቂ ሲሳሳት እንዲህ ነው! አንድ መሃይም ቢሆን ኖሮ ‹ይሄ ሰው አንተ ነህ እንዴ?› ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ወንድምሽ ግን ስላወቀ አልጠየቀም።» ዓይኑን ጠረገ። «ፊልሙ አልተገለበጠም፣ ልጄ። ሰውየው ሌላ ነው።»

ኤልዳ ካርዱን እንደ አዲስ አየችው። ባርኔጣውን ያወለቀ፣ ጓንቱን ደረቱ ላይ የለጠፈ ወጣት ትክ ብሎ ያያታል።

«ኦሪን ቢክስታፍ ነው። ፍሎሪዳ ልምምድ ላይ አንድ ክፍል ነበርን። ፎቶ አንሺው መጥቶ አሰልፎ አነሣንና ስማችንን አደበላለቀው። ኦሪን ግራኝ ነው፤ ከኔ ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በሚያዝያ ወደ ታችኛው ሊግ ላኩት፣ እዚያ ትከሻው ተሰበረ፣ በቃ። ትልቁን ሜዳ አንድ ቀን አልረገጠም። በዓመቱ ካርዱ ሲወጣ ደወለልኝ። እኔ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ‹ቨርን፣ ፊቱ የኔ፣ ሽንፈቱ ያንተ!› ብሎ በሳቅ ፈነዳ። እስኪሞት ድረስ በየገናው ይህንኑ ይጽፍልኝ ነበር። ካርዱን ኪሱ ውስጥ አድርገው ቀበሩት። እና ሌላ ካርድ በሌለው ሰው ፊት ላይ ስሜን ልሞነጭር?»

«ታዲያ ለሮስኮ ይህን አይጽፉለትም?» አለች ኤልዳ። «በየምሽቱ ምን አስቀይሜው ይሆን እያለ ነበር። ሦስት ጊዜ!»

ሽማግሌው በቆሎውን ባልዲው ውስጥ ጣለው።

«ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሰው ከረሳኝ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ የሚያስታውሰኝ ሰው ቢገኝ፣ እሱም በሌላ ሰው ፊት። ነግሬው ቢተወኝስ?»

ኤልዳ በረንዳውን ከጫፍ ጫፍ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። የአልበሙ ባዶ ኪስ አደራ ነው። የዚህ ሰውዬ እምቢታም ሐቅ ነው።

«ስጪኝ» አለ ቨርን በመጨረሻ። «ጀርባው የኔ ነው። ሰባት ጨዋታ፣ አንድ ድል፣ ሦስት ሽንፈት። ድሉም ጨዋታውን ዝናብ ስላቋረጠው ነው፤ ግን የኔ ነው። እዚያ እፈርማለሁ።»

«ወንድሜ ከፊት ነበር የሚፈልገው። ከፊት፣ በሰማያዊ።»

«እኔም ከፊት መሆን እፈልግ ነበር» አለ።

እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰማያዊውን እስክርቢቶ ሰጠችው። ሽማግሌው ምላሱን ነክሶ፣ ፊደል እንደሚማር ልጅ አንድ በአንድ ጻፈ። ከዚያ አልበሙን ካላየሁ ብሎ አስመጣት። «ይሄ ሞቷል። ይሄም ሞቷል። ይሄ በሞተ ይሻለው ነበር፤ ሚስቴን ሊያሽኮረምም ሞክሯል» እያለ ገለጠ። ባዶው ኪስ ጋ ሲደርሱ ኤልዳ ፊርማው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ካርዱን አስገባችው። ቨርን እጇን ያዘ።

«አዙሪው እባክሽ። ኦሪንን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አትቅጪው።»

ጣቷ አመነታ። አራት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ፊርማ መሃል አንድ ንጹሕ ፊት ይቀራል፤ ያላወቀ ሰው አልተሟላም ይላል። ይበል። አዞረችው።

«ይቀመጡና በቆሎ ይብሉ» አለች ዶሪን።

«ምድጃዬን እንጃ» ብላ አልበሙን አንሥታ ወጣች።

ከተማውን ስትወጣ አንድ ነዳጅ ማደያ ዳር መኪናዋን አቆመች። ለሮስኮ ልትነግረው የምትሮጥ ይመስል ልቧ ይመታል፤ ቢሰማ ኖሮ ሹካውን ጥሎ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቤቱን ይዞር ነበር። ደብተሩን መሪው ላይ ዘረጋች። የእሱን መስመር አልሰረዘችም። ከሥሩ በራሷ እጅ ጻፈች፦ «ፊልሙ አልተገለበጠም። ኦሪን ቢክስታፍ ነው። ግራኝ ነበር። ቨርን አልተቀየመህም።»

ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቀችም። ደብተሩን እንደተከፈተ አልበሙ ላይ አስቀምጣ፣ ቀበቶውን በሁለቱም ላይ አጥብቃ ነዳች።