ዲንካር ሳብኒስ ሳታራ የሄደ ቀን

ኮላፑር ውስጥ ክሪኬት የሚወድ ሰው ሁሉ የዲንካር ሳብኒስን እጆች ያውቃል። ዊኬት ጠባቂ ነበር፤ ከሦስቱ እንጨቶች ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ መቺው የሳታትን ኳስ ሲቀልብ የኖረ። ጣቶቹ ከመሰባበራቸው ብዛት ተጣመው ስለቀሩ የሻይ ብርጭቆ እንኳ የሚይዘው በሁለት መዳፉ አቅፎ ነው። ሜዳ ላይ ቦታዬ ከጎኑ ነበር። አፉ አያርፍም።

«ፓንዱ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው መሰለኝ። እግሩን እየው፣ እግሩን!» ይለኛል፣ መቺው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። መቺው ሳቁ ያመልጠዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ተሸንፎ ይወጣል።

ለህንድ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ግን ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። መቀነሱን የሰማነው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። የሬዲዮው ሰውዬ ስሞቹን አንብቦ ጨረሰ፤ ዲንካር የለም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት።

«ምን ታዩኛላችሁ? ሻያችሁ ይቀዘቅዛል» ብሎ ሳቀ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። «አንድ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ዓመታት አልፈው ዲንካር ራሱ ከአምስቱ የብሔራዊ ቡድን መራጮች አንዱ ሆነ። በዚያን ጊዜ የቡድኑ ዊኬት ጠባቂ የሳታራ ከተማው ሱሃስ ማኔ ነበር። ሱሃስ አባቱ የሞተበት በልጅነቱ ነው። ኮላፑር ወስዶ ኳስ አያያዝ ያስተማረው ዲንካር ነው፤ ልጅ ያልወለደችው የዲንካር ሚስት ሱማቲ ደግሞ እንደ ልጇ አብልታ አሳድጋዋለች። ዲንካርን «ካካ» ነበር የሚለው፣ አጎቴ ማለቱ ነው።

ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ቡድን የሚመረጥበት ጊዜ ደረሰ። ሱሃስ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰም። ቁጢጥ ሲል ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ግን ዲንካር አይቶታል። ስብሰባው ላይ ሁለቱ መራጮች ሱሃስ ይሂድ አሉ፣ ሁለቱ አንድ የማድራስ ወጣት ይሂድ አሉ። አምስተኛው ዲንካር ነው። የማድራሱን መረጠ።

ስብሰባው ከተካሄደበት ከቦምቤ ደወለልኝ። «ነገ ማታ በሬዲዮ ይነበባል። ከዚያ በፊት ሳታራ ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ። አብረኸኝ ሁን።»

«ለምን በስልክ አትነግረውም?»

«በስልክ? ልጄ እኮ ነው፣ አንተ!»

በማግስቱ ሳታራ አውቶቡስ ተራ ተገናኘን። ገና ጥቂት እንደሄድን አንድ ፀጉር ቆራጭ ምላጩን እንደያዘ ከሱቁ ዘሎ ወጣ። «መራጩ መጣ! ሱሃስ ተመረጠ!» ብሎ ጮኸ። ዲንካር በእጁ ዝም እንዲል ቢያሳየውም ማን ሰምቶት። እነሱሃስ ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ርችት ይተኮሳል። የሱሃስ እናት ያሙናባይ መብራት የበራበት ሳህን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሳህኑን በዲንካር ፊት አዙራ፣ ለክብር እንግዳ እንደሚደረገው ግንባሩን ቀይ ቀባችው።

«ዲንካር ጌታዬ፣ ሌላው በሬዲዮ ሲሰማ ለኔ ልጅ እርስዎ ራስዎ መጡለት!» አለችና እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች።

አስቀምጣው ሺራ የሚባለውን ትኩስ ጣፋጭ ገንፎ አቀረበችለት፣ ቅቤው እላዩ ላይ የሚንጣለል። ሊነግራት አፉን ይከፍትና ጣፋጩን ይጎርሳል። ሱሃስ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት የዲንካርን እግር ነካና በጆሮው «ካካ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ በጉልበቴ የተነሳ የሚተዉኝ መስሎኝ ስፈራ ነበር» አለው።

ዲንካር ሳህኑን አስቀመጠ። «ጓሮ እንውጣ» አለ።

የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ሦስታችን ቆመን ነገረው። ሱሃስ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር።

«ማን ነው ያልፈለገኝ?»

«ሁለት ለሁለት ነበሩ። የመጨረሻው ድምፅ የእኔ ነው። ያ ጉልበት እንግሊዝ ላይ ይጥልሃል፣ ልጄ።»

«እና ይህን ሊነግሩኝ ነው እስከዚህ የመጡት?»

«ከሬዲዮ እንዳትሰማው ብዬ…»

«ከሬዲዮ ብሰማው በሬን ዘግቼ ከእናቴ ጋር አለቅስ ነበር። አሁን እናቴ ግንባርዎን ቀብታለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጄ ላይ ነው። ወጥቼ ምን ልበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አይንገሩልኝ። በጓሮ በር ይሂዱልኝ።»

በጓሮ በር ወጣን። ከኋላችን ርችቱ ገና ይንጣጣ ነበር። ዲንካር ግንባሩን ሳይጠርግ አውቶቡሱ ላይ ወጣ፤ ተሳፋሪው ሰርግ ቤት ውሎ የተመለሰ መስሎት ይሆናል።

የማድራሱ ልጅ እንግሊዝ ላይ ተአምር ሠራ። ጋዜጦቹ ዲንካርን አስተዋይ አሉት። በዚያው ዓመት የሱሃስ ጉልበት ተቀደደ፤ የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ዳግመኛ አልለበሰም። ዲንካር ሁለት ጊዜ ሳታራ ድረስ ሄዶ ነበር። ያሙናባይ በትህትና «የለም» አለችው። የልጇ ጫማ ግን ደጃፉ ላይ ነበር። ጊዜው ሳያልቅ መራጭነቱን ለቀቀ፤ ሰው ለምን ሲለው «ወገቤን» ይላል።

ሱማቲ የሞተች ጊዜ ሱሃስ መጣ። እያነከሰ ቃሬዛዋን እስከ ወንዙ ተሸከመ፤ አስከሬኗ የሚቃጠልበት እሳት ሲያያዝ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ከወንዙ ሲመለስ ዲንካር ቤቱ በር ላይ ጠብቆ «ግባና ውሃ እንኳ ቅመስ» አለው። ሱሃስ ሁለት እጁን ገጥሞ እጅ ነሳውና ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ።

ዲንካር መንገዱን እያየ ቆመ። «ፓንዱ፣ ምርጫዬ ልክ ነበር አይደል?»

«ልክ ነበር።»

«ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀው ነበር» አለኝ።

ክንዱን ይዤ ወደ ለቀስተኛው አስገባሁት።