ገመዱማ ገባ

የጀልባ መካኒኩ አንዳርጋቸው የስልኩን ቀዳዳ እፍ አለና ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘውን ገመድ ለአምስተኛ ጊዜ ሰካው። አዲሱ ቴሌቪዥን ግን «ሲግናል የለም» ከማለት ፈቀቅ አላለም።

«የጀልባ ሞተር መሰለህ እንዴ?» አለ ጎረቤቱ ግሩም ከሶፋው ላይ፣ በስልኩ መልእክት እየጻፈ። ሳሎኑን የሞላው ሰው ሳቀ።

የዛሬ ሃያ ዓመት በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው ግሩም ብቻ ነበር። አንዳርጋቸውን «ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ» ብሎ ደጅ አቁሞ በመስኮት ነው ያሳየው። ዛሬ የአንዳርጋቸው ልጅ ቃልኪዳን ጎንደር ላይ በነርስነት ትመረቃለች፤ ምርቃቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ሚስቱ ፀሐይወርቅ ሄዳለች። እሱ ግን የመግቢያ ካርዱን ለአማቱ ሰጥቶ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ግሩም በእሱ ሳሎን፣ በእሱ ትልቅ ስክሪን ሲያይ ሊያየው።

ገመዱን ለሸጠችለት ለዘይነት ደወለ። የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ በዚያ ቀዳዳ ቻርጅ ይቀበላል እንጂ ምስል አያወጣም።»

«ገብቷል እኮ!»

«መግባቱማ ይገባል። ስልክዎን ያሳዩኝ ስልዎ ‹ስንት ሞተር የፈታሁ ሰው ገመድ አይጠፋኝም› ብለውኝ ሄዱ።»

ግሩም ውድ ስልኩን አገላበጠ። «የእኔ ያወጣል» አለ። «ግን ልመና ይፈልጋል።»

«የነርሶቹ ተራ ደርሷል!» የሚል መልእክት ከፀሐይወርቅ ገባ።

«አንተ፣ ልጅቱ ልታመልጠን ነው፤ ለምነው!» አሉ ምርቃቱን ሊያዩ የመጡት ጎረቤት እማማ ሥርጉት።

አንዳርጋቸው ጥርሱን ነክሶ «እባክህ» አለ።

ገመዱ ወደ ግሩም ስልክ ተዛወረ። ጥቁር ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች ስክሪኑን ሞሉት። ሰው እልል ሊል ሲል ከምስሉ አናት ላይ፣ ጌትነት ከተባለ የግሩም ጓደኛ፣ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ናፍጣው እስካሁን ቀዳዳውን እፍ እያለ ነው? ሃሃሃ!»



«ምን ይላል?» አሉ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ሥርጉት።

«ቀልድ ነው እኮ...» አለ ግሩም፤ ላብ አጠመቀው።

አንዳርጋቸው ገመዱን ጨበጠ። ከነስልኩ ነቅሎ በመስኮት ሊወረውረው ነበር። ይኼኔ መድረክ መሪው «ቃልኪዳን አንዳርጋቸው» ብሎ ተጣራ።

እጁን ከገመዱ ላይ አነሣ።

«ግሩም» አለ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል፣ «ድምፁን ጨምርልኝ።»