የሙክቱ ወተት

ሙክቱ ጡት አጎጠጎጠ። ዳኜ መጀመሪያ እባጭ መስሎት ጫን ሲያደርገው ነጭ ነገር ፊጭ ብሎ ጣቱ ላይ ቀረ። እጁን በአመድ አሸ፣ በሳሙና ታጠበ፤ አሁንም ሸተተው።

ግልገል ሳለ አስኮላሽቶ፣ ቡቲዬ መንደር ባለው ግቢው ውስጥ አራት ወር ሙሉ ያደለበው ለዚህ አልነበረም። የሚስቱ ወንድም ኪሩ፣ ሞያሌ ላይ ሆቴል ከፍቶ ሰው ሆንኩ ባዩ ኪሩ፣ እሁድ ልጁን ይድራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለልጅቷ ምርቃት ዳኜ ፍየል ጎትቶ ቢሄድ፣ «ይሄ የሚታረድ ነው የሚቀበር?» ብሎ ሰው አስቆበታል። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ለዚህ በምን ይመልሳል? በሥጋ ነዋ! ሞያሌ ያላየችውን ሙክት አስገብቶ የኪሩን አፍ ሊያስይዝ ቆርጦ ነበር።

አሁን ግን ይሄ ጉድ መጣ። ጡቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጭራውን እያርገበገበ ያላዝናል፤ የጎረቤት አውራ በግ አጥር ጥሶ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። ዳኜ በዱላ እየለያያቸው ሰነበተ።

የእንስሳት ሐኪሟን ሳቢራን በሞተር አስመጣት። ሙክቱን ጎንበስ ብላ አየችና መኖውን አነሳች። ሉሰርን የሚሉት የመኖ ቅጠል ነው፤ አንድ ገበሬ ሻምባው፣ እርሻው ላይ ሻግቶበት ሊጥለው ሲል ዳኜ ለምኖ ያመጣው፣ ቅጠሉ ሁሉ ነጠብጣብ።

«ጋሽ ዳኜ፣ የሚበላው ይሄን ብቻ ነው?»

«ጠዋትም ማታም። ሌላ ምን ያምረዋል!»

«በቃ እሱ ነው። ሉሰርን የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር አለው፤ ሻጋታ ሲመታው ይብሳል። እንስት በጎች አብዝተው ሲበሉት መፀነስ ያቅታቸዋል። ያልተኮላሸ ቢሆን የራሱ የወንድ ሆርሞን ይሟገትለት ነበር፤ ይሄ ምን አለው? ጡቱን ያሳብጠዋል፣ ጭንቅላቱ ድረስ ገብቶ ሴት ነሽ ይለዋል።»

«ሣር ነው እኮ! ሣር እንዴት አድርጎ ጭንቅላት ይገባል?»

«ፖሌ፣ ጋሽ ዳኜ» አለች፤ ማዘኗ ነው፣ ከንፈሯ ግን ሳቅ ይዟል። «መኖውን ቢተዉት ወተቱ ቀስ እያለ ይደርቃል። ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል።»

ለእሁድ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ሌላ ሙክት የለውም።

ቅዳሜ በር ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለበው። ወተቱ ለብ ያለ ነው። ለውሻው ደፋለት፤ ውሻው ላሰው፤ ዳኜ ውሻውንም ተጸየፈው።

እሁድ ጠዋት ሙክቱ ኪሩ ግቢ ሲገባ ሰው ከበበው። ኪሩ ጀርባውን በመዳፉ ለካ። እጁ ወደ ሆዱ ሲወርድ ዳኜ ትንፋሹን ዋጠ፤ እጁ ተመለሰ።

«እናንተ! አማቼ ተራራ አመጣልኝ እኮ!»

«ማንም እንዳይነካው፣ የማርደው እኔ ነኝ» አለ ዳኜ። ከጓሮ አረደው፤ ጡቱን ማንም ሳያይ ቆርጦ አፈር አለበሰው። እጁ ወተትና ደም ሆነ።

ከሰዓት ኪሩ ድንኳኑ መሃል ከጎኑ አስቀመጠው።

«ያደለበው ይሄ ነው! ዳኜ፣ እስቲ ንገራቸው፣ ምን አብልተኸው ነው?»

«ሣር።»

ኪሩ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ከጥብሱ ጮማ ጮማውን መርጦ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ በገዛ እጁ ወደ አፉ አመጣለት። ከጉርሻው ነጭ ቅባት ይንጠባጠባል። ሁለት ዓመት የጠበቃት ቀን ይቺ ነበረች፤ ድንኳኑ በሙሉ ያያል። ዳኜ አፉን ከፈተ። ሳያላምጥ ሊውጠው ሲታገል እንባው አቀረረ።

«አያችሁ፣ ደስ ብሎት ነው!» አለ ኪሩ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለ።